የአጣቢዋ ግምት

ጋዜጣው ወስኗል፤ ዋንጫው ለኩዌት ነው፣
ዶሃ ይከተላል፣ ሙስካት ሦስተኛ ነው፣
የሻርጃ ልጆች ግን ጭራ ነው ቦታቸው።
ቢጁ ነው ያነበበልኝ፣ ካውያውን አቁሞ፣
የሊቃውንቱን ፎቶ በጣቱ ጠቁሞ።
እኔ ዝም አልኩት፣ ሳሙና እየለካሁ፤
ቤዝቦል የሚሉትን ዘንድሮ ነው ያወቅሁ፣
ሜዳውን አላየሁም፣ ከሥሩ ነው ያለሁ።

አራቱም ቡድኖች ለልምምድ እዚህ ሰፍረዋል።
ማታ ማታ ልብሳቸው በጋሪ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣
ቁጥሩ ጀርባው ላይ፣ ጉዱ ጉልበቱ ላይ።
ገመናን የሚያውቅ ሼህም ቄስም አይደለም፣
አጣቢ ነው፤ ላብ አያስመስልም።

እንግዲህ ጦይባም ትገምት፣ የኮምቦልቻዋ።

የዶሃው መቺ፣ ሥዕሉ ከድልድዩ የተሰቀለው፣
ደሞዙ ሲነገር ቢጁ ራሱን የያዘለት፣
ሱሪው ሦስት ሳምንት ነጭ ሄዶ ነጭ ይመለሳል።
አንዴ እንኳ በደረቱ አልተንሸራተተም።
እንደ ሙሽራ የሚጠነቀቅ ሰው
በዚህ ጨዋታ ቤቱ አይደርስም።
ዶሃን ወደ ታች አውርጄዋለሁ።

ሙስካቶች ኪሳቸው የሱፍ ገለባ ነው፤
ውሃ መውረጃዬን ሁለቴ ደፍነውብኛል።
ቁጭ ብሎ የሚቆረጥመው ብዙ፣
ሮጦ የሚያልበው ጥቂት።
አንድ ልጅ ብቻ አለ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣
ኪሱ ውስጥ የሴት የጆሮ ጌጥ፣ አንዱ እግር ብቻ፣
በመርፌ ቁልፍ ተሰክቶ።
በጥቁር ክር አጥብቄ መለስኩለት።
እሱ ያድጋል፤ ቡድኑ አይድንም።

የእኛው ጉልዛር፣ ሰባት ቁጥር፣ የፔሻዋር ልጅ፣
ያኔ ክሪኬት ተጫዋች፣ እስከ አምና ታክሲ ነጂ፤
ሱሪው ከጋሪው ሲወጣ እንደ ጡብ ይቆማል።
ቀዩ አፈር ጉልበቱ ላይ፣ ጭኑ ላይ፣
ጥርሱ ሥርም ሳይኖር አይቀርም።
ሁለቴ ጠቀምኩት፣ ሦስተኛውን በድርብ ክር።
ጋዜጣው ስሙን እንኳ አሳስቶ ነው የጻፈው።

ቀሪው የኩዌቱ ወርዋሪ ነው፣ ኤላዲዮ፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር።
ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አትታይም አሉ።
እኔ የማየው ቀኝ ትከሻውን ነው፦
በመጀመሪያው ሳምንት ሽታ የለውም፤
በሁለተኛው የጅማት ቅባት፣ ስስ፤
በሦስተኛው እስከ ክርኑ ወርዶ፣
በፈላ ውሃም አልለቅ አለኝ።
የብብቱ ስፌት ተተርትሯል፤
ሕመሙን እየሸሸ እጁን በሌላ መንገድ ይሰደዋል።
ሚያዝያን አያልፍም።
በአንድ ካርቶን ማንጎ ተወራረድን፣
ቢጁ ጋዜጣውን ይዞ፣ እኔ ትከሻውን።

ሐሙስ ለት አንድ ሰው ወረደ፣ ጫማው የሚያንጸባርቅ።
"ሠላሳ አንድ ቁጥር ደህና ነው?" አለ በአረብኛ፣
አምስት መቶ ድርሃም ማሽኑ ላይ አስቀምጦ።
የሁለት ሳምንት ደሞዜ።
ገንዘቡን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ።
"ልብሱ ንጹሕ ነው" አልኩት፣ "እኔ ነኝ ያጠብኩት።"
ክዳኑን ስከፍተው እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነው፤
ደረጃውን በዳበሳ ወጣ።

ነገ ይጀመራል። ቢጁ ተኝቷል።
ከላይ ሣሩን የሚያጠጣው ውሃ ይሰማኛል።
የኤላዲዮን ማሊያ ዘረጋሁ፣ የብብቱን ስፌት ፈታሁ፣
ከውስጥ ቁራጭ ጨምሬ አንድ አውራ ጣት አሰፋሁት፣
እጁ ሲነሳ እንዳይዘው፣ ከውጭም እንዳይታይ።
ማን አዘዘሽ? ማንም።
የምደግፈው ሻርጃን ነው፤ ማንጎውም አምሮኛል።
ግን ጨርቅ ሲጨንቀው እያየሁ
ዝም ማለት አልችልበትም።
ባላጋራን ጠቀምኩት፤ እንደ ወደዳችሁ ፍቱት።

ግምቴን በገዛ መርፌዬ አበላሸሁ፤
እስከ ግንቦትም ይወረውር ይሆናል።
ለቢጁ አልነግረውም።
ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።